ናዚም ሒክመት፦ ስለ ቱርኩ ገጣሚ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የግጥሞቹና የመጻሕፍቱ ርዕሶች ወደ አማርኛ የተመለሱት ለዚህ ጽሑፍ ነው።

ናዚም ሒክመት ማን ነው?

የ20ኛው ክፍለ ዘመን የቱርክ ግጥም ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚጠራ ስም ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን 1902 በተሰሎንቄ ተወለደ። ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ያቺ ከተማ ዛሬ የግሪክ ናት፤ ያን ጊዜ ግን በኦቶማን መንግሥት ሥር ነበረች። ጁን 3 ቀን 1963 ጠዋት ሞስኮ ውስጥ ጋዜጣ ለማንሳት ወደ ቤቱ በር ሲሄድ ልቡ ቀጥ ብሎ አረፈ።

በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ካለው 61 ዓመት 12ቱን በተከታታይ በወህኒ ቤት፣ የመጨረሻዎቹን 12 ደግሞ በስደት አሳልፏል። ስለዚህ አብዛኛው ግጥሙ ሊደርስበት ለማይችል ሰው የተጻፈ ነው፦ ለሚስቱ፣ ለልጁ፣ ለአገሩ። የእኔን አስተያየት የሚጠይቀኝ ካለ፣ ናዚምን የደብዳቤ ገጣሚ ነው የምለው።

«ሒክመት» የቤተሰብ ስሙ ነው?

አይደለም፤ የአባቱ ስም ነው። ምዕራባውያን አንባቢዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ናዚም የሒክመት ልጅ። ቱርክ በ1934 ሁሉም ዜጋ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ሕግ ስታወጣ «ራን» የሚል ስም ወሰደ፤ ግን በዚያ ስም የሚያውቀው አንባቢ ጥቂት ነው።

ሁለቱም ስሞች ከአረብኛ የመጡ ናቸው። «ሒክመት» ጥበብ ማለት ሲሆን እኛ «ሐኪም» ከምንለው ቃል ጋር ሥራቸው አንድ ነው። «ናዚም» ደግሞ ስንኝ የሚደረድር ማለት ነው። ስሙን የወረሰው ከአባቱ አባት ከናዚም ፓሻ ሲሆን እሳቸውም አገረ ገዥና ገጣሚ ነበሩ።

ከድሃ ቤተሰብ ነው የወጣው?

በፍጹም። አባቱ የመንግሥት ሹም፣ እናቱ ጄሊሌ ሃኒም ሠዓሊ ነበሩ። በእናቱ በኩል አንደኛው ቅድመ አያቱ በትውልድ ፖላንዳዊ ነበሩ፤ ወደ ኦቶማን አገር ተሰድደው ሰልመውና ሙስጠፋ ጀላለዲን ተብለው የኦቶማን ከፍተኛ ማዕረግ እስከሆነው እስከ ፓሻነት ደርሰዋል። ናዚም ራሱ በሄይበሊአዳ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተምሮ በ1918 ተመረቀ፤ በሳንባው ሽፋን ሕመም ምክንያት ግን ከባሕር ኃይሉ ተሰናበተ። ኋላ ስለ ሥራ አጦችና ስለ ገበሬዎች ሲጽፍ «የፓሻ ልጅ» እያሉ የተቹት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ወደ ሞስኮ ለምን ሄደ?

በ1921 መጀመሪያ ኢስታንቡል በባዕድ ጦር ተይዛ ሳለ፣ የ19 ዓመቱ ናዚም ከጓደኛው ከቫላ ኑረዲን ጋር ኋላ አታቱርክ የተባለውን የሙስጠፋ ከማልን የነጻነት ትግል ሊቀላቀል በድብቅ ወደ አናቶሊያ ተሻገረ። ከኢነቦሉ ወደብ ወደ አንካራ በእግሩ ሲጓዝ የአገሩን ገበሬ ያለበትን ሁኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ አየ። በቦሉ ከተማ ጥቂት ጊዜ ካስተማረ በኋላ በጆርጂያ ወደብ በባቱሚ በኩል አድርጎ ሞስኮ ገባ፤ እዚያም ለምሥራቅ ሕዝቦች በተከፈተው ኮሚኒስታዊ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። በ1924 ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመት እስር ሲመጣበት እንደገና ወጣ፤ በ1928 ዳግመኛ ተመለሰ።

ግጥሙን ከሌሎቹ የለየው ምንድን ነው?

ከእሱ በፊት የቱርክ ገጣሚ ሁለት መንገድ ነበረው፦ ከአረብና ከፋርስ የተወረሰው የቤተ መንግሥት ልኬት፣ ወይም ቀለም እየቆጠረ የሚሄደው የሕዝብ ግጥም። ናዚም ወደ ሩስያ በገባበት ጊዜ አገሪቱ በረሃብ ላይ ነበረች። ያየውን ረሃብተኛ በለመደው የቀለም ልክ ሊጽፈው ቢሞክር አልገባ አለው። ባቱሚ ሳለ አንድ የሩስያ ጋዜጣ ላይ እንደ ደረጃ እየወረደ የታተመ ግጥም አይቶ ነበር፤ ቋንቋውን ባያውቅም ቅርጹ በዓይኑ ቀርቶ ስለነበር የራሱን ግጥም በዚያው ቅርጽ አወረደው። «የረሃብተኞች የዓይን ብሌን» የሚለው ግጥም እንዲህ ተወለደ።

ይህ ማለት ግን ቤት መምታት ተወ ማለት አይደለም። ቱርክኛን የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ጆሮው አይራብም፤ ድምፁ እንደ ነዶ የታሰረ ነው። ማሽን መሆን እፈልጋለሁ በሚልበት የወጣትነት ግጥሙ «ትረረም፣ ትረረም፣ ትራክ ቲኪ ታክ» እያለ የሞተር ድምፅ ይቆጥራል። ቱርክ ውስጥ የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ «835 መስመር» በ1929 ኢስታንቡል ላይ ወጣ፤ አገሪቱ የአረብ ፊደልን ትታ ወደ ላቲን ፊደል ከገባች ገና ወራት ብቻ ሆኗት ነበር። በ1930 በራሱ ድምፅ ሁለት ግጥሞች በሸክላ ተቀርጸው ቶሎ ተሸጠው አለቁ፤ በየቡና ቤቱም ይሰሙ ነበር።

ለምን ታሰረ?

ብዙ ጊዜ ታስሯል፤ ሰዎች የሚጠይቁት ግን ስለ 1938ቱ ነው። ያን ዓመት በጦር ትምህርት ቤትና በባሕር ኃይል ውስጥ መጽሐፎቹን የሚያነቡ ወጣቶች ተገኙ፤ እሱም ጦሩን ለአመፅ አነሳስቷል ተብሎ በሁለት ወታደራዊ ፍርድ ቤቶች ቀረበ። ሁለተኛው ችሎት የተሰየመው መርከብ ላይ ነበር። ሁለቱ ፍርዶች ተጣምረው 28 ዓመት ከ4 ወር እስራት ተፈረደበት። እነዚያ መጻሕፍት በየመደብሩ በግልጽ ሲሸጡ የቆዩ ናቸው።

ኮሚኒስት መሆኑን ደብቆ አያውቅም። አመፅ ማነሣሣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልቀረበም፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ በፖለቲካ የማይስማሙት ሰዎች ጭምር ፍርዱ ግፍ እንደነበር ይቀበላሉ።

ወህኒ ቤት ሳለ ምን ጻፈ?

ታላቁን ሥራውን። «የአገሬ ሰዎች ገጽታ» ወደ 17,000 የሚጠጋ ስንኝ ያለው የግጥም መጽሐፍ ነው፤ አብዛኛውን የጻፈው ከ1940 እስከ 1950 በቆየበት በቡርሳ ወህኒ ቤት ነው። ንጉሥም ጀግናም የለውም። በ1941 ጸደይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በኢስታንቡሉ የሃይዳርፓሻ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ይጀምራል። ደረጃው ላይ ፀሐይ፣ ድካምና ጥድፊያ አለ። አንድ ከሲታ፣ ፈሪ፣ አፍንጫው የሾለ፣ ጉንጩ ፈንጣጣ የበላው ሰው ቆሟል፤ ጋሊብ ኡስታ ይባላል። ገጣሚው በየዕድሜው ያሰበውን ይቆጥርልናል። ሕፃን ሳለ ጣፋጭ በየቀኑ ቢበላ ተመኘ። ከፍ ሲል ትምህርት ቤት መግባት አማረው። ሥራ ከያዘ በኋላ ደግሞ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ የሚያስበው «ከሥራ ቢያባርሩኝስ?» ብቻ ሆነ። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ «ስሞት ላዬ ላይ ብርድ ልብስ ይኖር ይሆን?» ይላል። ያቺን የብርድ ልብስ ጥያቄ ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንድ ሙሉ የሠራተኛ ሕይወት በአንድ ገጽ ላይ አለቀ።

ሰዎቹን ከየት አመጣቸው? ከዚያው ከግቢው። አብረውት የታሰሩት ገበሬዎች፣ ነፍሰ ገዳዮች፣ የባቡር ሠራተኞች፣ ከነጻነቱ ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ታሪካቸውን ያወሩለት ነበር፤ እሱም የጻፈውን መልሶ ያነብላቸዋል፤ ያልገባቸውን ያስተካክላል። በዚያው ወህኒ ቤት ከኋላ ታላቅ ልብ ወለድ ጸሐፊ የሆነው ኦርሃን ከማል ጓደኛው ነበር፤ «ግጥሙን ተወው፣ ስድ ንባብ ጻፍ» ብሎ መንገዱን ያስለወጠው ናዚም ነው። ኢብራሂም ባላባን የሚባል የገበሬ ልጅም ሥዕል የጀመረው በእሱ እጅ ነው። ገንዘብ ለማግኘት የሸማኔ ዕቃ ተክሎ ጨርቅ ይሠራ ነበር፤ የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ ወደ ቱርክኛ የመለሰውም ታስሮ ሳለ ነው።

እንዴት ተፈታ? ለምንስ አገሩን ጥሎ ሄደ?

በ1949 ፓሪስ ላይ የማስፈቻ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሠዓሊው ፒካሶ፣ ፈላስፋው ሳርትርና ዘፋኙ ፖል ሮብሰን ድምፃቸውን አሰሙ። በ1950 ጸደይ ናዚም የልብ ሕመሙን እያወቀ የርሃብ አድማ መታ። ዓይናቸው ደክሞ የነበረው እናቱ ጄሊሌ ሃኒም በጋላታ ድልድይ ላይ ቆመው ለልጃቸው ፊርማ አሰባሰቡ። ያንኑ ዓመት መንግሥት ተለወጠ፤ በወጣው የምሕረት አዋጅም በጁላይ ተፈታ።

ነጻነቱ ግን ዓመት እንኳ አልቆየም። ከሕመም የተነሣ ከባሕር ኃይል የተሰናበተውን ሰው በ49 ዓመቱ ለወታደርነት ጠሩት። ልቡ እንደማይችለው እነሱም እሱም ያውቃሉ። የሦስት ወር ልጁን መሐመድን ትቶ ጁን 17 ቀን 1951 በአንዲት የሞተር ጀልባ ከቦስፎረስ ወደ ጥቁር ባሕር ወጣ። ጀልባዋን የነዳው በኋላ ተውኔት ጸሐፊ የሆነው ወጣቱ ረፊቅ ኤርዱራን ነው። ባሕሩ ላይ አንድ የሩማንያ መርከብ አገኙ። ናዚም ኋላ ለወዳጆቹ እንዳወራው መርከበኞቹ ወዲያው አላወጡትም፤ ትእዛዝ እስኪመጣላቸው ብዙ አስጠበቁት። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ግድግዳው ላይ የገዛ ፎቶግራፉ ተለጥፎ «ናዚም ሒክመትን አድኑ» ይላል።

ስለ ኢትዮጵያ ጽፏል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኛ ዘንድ ከሚገባው በላይ የተረሳ ነገር ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በዚያው በ1935 ናዚም «ደብዳቤዎች ለታራንታ-ባቡ» የሚል መጽሐፍ ኢስታንቡል ላይ አሳተመ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሮም ውስጥ አንድ ሰው ክፍል ይከራያል፤ ቀድሞ እዚያ ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊ ወጣት ለሚስቱ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያገኛል። ወጣቱ የሮምን ድህነትና የጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን ፋሽስቶች ጉራ ይነግራታል። «ሙሶሊኒ ብዙ ይናገራል» ይላታል፤ ብዙ የሚናገረው ብዙ ስለሚፈራ ነው። ከዚያም ሊገድሏት እየመጡ መሆናቸውን ያረዳታል። በዚህ ሁሉ መሐል ማየት፣ መስማት፣ ማሰብ፣ እግር እንዳደረሰ መሮጥ እንዴት ደስ እንደሚል፣ መኖር እንዴት ያለ ውብ ነገር እንደሆነ የሚናገርበት ክፍል አለ፤ ቱርኮች በቃላቸው ይወጡታል።

እንከኑንም መናገር ይገባል። ናዚም ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም። «ታራንታ-ባቡ» የሚል ስም በአገራችን የለም፤ «የአባቷ 25ኛ ልጅ፣ የእኔ ሦስተኛ ሚስት» የሚለው አጠራርም ከሩቅ የታለመች አፍሪካ ናት። የኦሮሞን ሕዝብ የሚጠራውም በዘመኑ በነበረው፣ ዛሬ ስድብ በሆነው ስም ነው። ቢሆንም ዘመኑን እናስብ፤ የመንግሥታቱ ማኅበር እያየ እንዳላየ በሆነበት ዓመት አንድ የቱርክ ገጣሚ በኢትዮጵያዊ አንደበት ሙሶሊኒን ከሰሰ። ለእኔ ይህ ከስሕተቱ ሁሉ ይመዝናል።

ፒራዬ፣ ሙነቨር፣ ቬራ፦ ማንን ነው የሚወደው?

በየዘመናቸው ሁሉንም፤ ሕመሙም እዚያ ላይ ነው። ፒራዬን በ1935 አገባት፤ በወህኒ ቤት ለቆየባቸው ዓመታት ሁሉ የግጥሙ አድራሻ እሷ ነበረች። በ1945 መጸው ከምሽቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት ያለውን ጊዜ ለእሷ ብቻ ለይቶ ጻፈ፤ «የ21-22 ሰዓት ግጥሞች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በአንዱ ስሟን በእጅ ሰዓቱ ማሰሪያ ቆዳ ላይ በጥፍሩ እንደቀረጸ ይነግራታል፤ ባለበት ቦታ ሰንጢ እንደሌለ ታውቂያለሽ ይላል።

ሊፈታ ሲቃረብ ግን ልቡ ልትጠይቀው ትመጣ ወደነበረችው ዘመዱ ወደ ሙነቨር ሄደ። ከእሷ መሐመድን ወለደ። ሞስኮ ደግሞ ቬራ ቱልያኮቫን በ1960 አገባ፤ ሙነቨርና ልጁ በ1961 ከቱርክ በድብቅ ሲወጡ እሱ የሌላ ባል ነበር። ፒራዬ እስክትሞት ድረስ ስለ እሱ አደባባይ ወጥታ አልተናገረችም። ደብዳቤዎቹን ግን አላቃጠለችም፤ ዛሬ የምናነባቸው እሷ ስላስቀመጠቻቸው ነው። ግጥሞቹን የሚወድ ሁሉ ለዚህች ሴት ባለ ዕዳ ነው።

የት ተቀበረ? ዜግነቱስ ተመለሰለት?

በሞስኮ ኖቮዴቪቺ መካነ መቃብር። ድንጋዩ ጥቁር ግራናይት ነው፤ ላዩ ላይ ከነፋስ ጋር እየታገለ የሚራመድ ሰው ምስል አለ። እሱ የለመነው ይህን አልነበረም። በ1953 በጻፈው የኑዛዜ ግጥም አናቶሊያ ውስጥ በአንድ የገጠር መቃብር ቅበሩኝ፣ የሚመች ከሆነ ከራስጌዬ አንድ ዛፍ ይብቀል፣ ድንጋይም ምንም አልፈልግም ብሎ ነበር።

ዜግነቱን በ1951 ተነጥቆ በጃንዋሪ 2009 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ተመለሰለት፤ ከሞተ 46 ዓመት ሊሞላው ሲል። መጽሐፎቹ ቱርክ ውስጥ እንደገና መታተም የጀመሩት በ1965 ነው። በሕይወት ሳለ አገሩ ላይ የታተመለት የመጨረሻው የግጥም መጽሐፍ በ1936 የወጣው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በኦቶማን መንግሥት ላይ ስለተነሣው ስለ ሼህ በድረዲን አመፅ የሚተርከው ነው።

ስታሊንን አወድሷል ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ ያወደሰባቸው ስንኞች አሉ፤ አድናቂዎቹ ሊሸፍኑለት አይገባም። ግን እዚያ ላይ አላቆመም። «ኢቫን ኢቫኖቪች ነበር ወይስ አልነበረም?» የሚል የግለሰብ አምልኮን የሚነቅፍ ተውኔት ጽፎ በ1957 ሞስኮ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከጥቂት ትርኢት በኋላ ታገደ። በ1961 ደግሞ ከድንጋይ፣ ከነሐስ፣ ከጀሶና ከወረቀት ስለተሠራው፣ በየአደባባዩ በላያችን ስለቆመው ሰው ጻፈ፤ ስም መጥራት አላስፈለገውም። ይህን የጻፈው ሌላ መጠጊያ በሌለበት በዚያው አገር ተቀምጦ ነው።

ከየትኛው ግጥም ልጀምር?

ከ«ስለ መኖር»። ሰባ ዓመት ሆኖህም የወይራ ችግኝ የምትተክል ሁን፣ ለልጆችህ ይቀር ብለህም አይደለም የሚለው እዚያ ነው። ቀጥሎ ሂሮሺማ ላይ ስለሞተችው፣ በየበሩ እያንኳኳች ስለምትዞረው፣ የማታድግ የሰባት ዓመት ልጅ የጻፈው አጭር ግጥም አለ። ረጅሙን መጽሐፍ ለመጨረሻ አቆዩት። በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው የራንዲ ብሌሲንግንና የሙትሉ ኮኑክን ትርጉም ይፈልግ።

ወደ አማርኛ ቢተረጎም ያምርበታል?

ከእንግሊዝኛ ይልቅ ያምርበታል ብዬ አምናለሁ። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ናዚም ስንኙን ደረጃ በደረጃ እያወረደ ትንፋሻችንን ይዞ ሲቆይና በመጨረሻው ቃል ሲለቀን፣ አማርኛም እዚያው ቦታ ላይ ሊለቀን ይችላል። የትልቁ መጽሐፍ ርዕስ የመጀመሪያ ቃል «ሜምሌኬቲምደን» ነው፤ እንግሊዝኛ በሦስት ቃል የሚለውን አማርኛ «ከአገሬ» ብሎ በአንድ ይጨርሰዋል። «ሜምሌኬት» የሚለው ቃል ራሱ ከአረብኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ከግእዙ «መለከ» ጋር ይገናኛል። መጠንቀቅ ያለብን ከእንግሊዝኛ ወይም ከሩስያኛ ቀድተን ይህን ሁሉ መንገድ ላይ እንዳናፈስሰው ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ላሳይ። ማርች 28 ቀን 1962 ከፕራግ ወደ በርሊን በሚሄድ ባቡር መስኮት አጠገብ ተቀምጧል፤ እየመሸ ነው። ጭጋግ በሸፈነው እርጥብ ሜዳ ላይ ምሽቱ እንደ ደከመ ወፍ ሲወርድ ያያል፤ ይህን እንደሚወድ እስከዚያች ሰዓት አላወቀም ነበር። ቱርክኛው «ሴቬርሚሺም ሜዬር» ይላል። «ሜዬር» ሰው የኖረበትን ነገር ድንገት ሲያውቀው የሚላት ቃል ናት፤ የግሱ ቅጥያም ያንኑ መገረም ይሸከማል። እንግሊዝኛው ይህን ለማስረዳት አለማወቁን በቃል መጨመር ግድ ሆነበት። በአማርኛ ግን ማንም እናት የምትናገረው ነው፦ ለካ እወደው ኖሯል።